ከፍተሻው እስከ በሩ፦ የከርነል የሽቅድምድም ክፍተቶች ለምን ዓመታት ሳይታዩ ይኖራሉ?

በኦክቶበር 2016 ፊል ኦስተር የተባለ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ባለሙያ ከሚያስተዳድራቸው ድረ ገጾች አንዱ በሰርጎ ገቦች እጅ ገብቶ አገኘው። ኦስተር ከዓመታት በፊት የጀመረው አንድ ልማድ ነበረው፤ ወደ ሰርቨሮቹ የሚገባውን የድረ ገጽ ግንኙነት በሙሉ እየቀዳ ያስቀምጥ ነበር። የተቀዳውን መልሶ ሲያገላብጥ አጥቂዎቹ የጫኑትን ትንሽ ፕሮግራም አገኘ። በተከለለ ኮምፒውተር ላይ ሲሞክረው ምንም ሥልጣን ያልነበረው ተራ ተጠቃሚ ከአምስት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ የማሽኑ ሙሉ አዛዥ ሆነ። ፕሮግራሙ የተጠቀመበት ስህተት በሊኑክስ ውስጥ ቢያንስ ከ2007 ጀምሮ ተቀምጦ የኖረ ነበር። «ደርቲ ካው» የሚል ስም ወጣለት፤ በዓለም አቀፉ የተጋላጭነቶች መዝገብ ደግሞ ሲቪኢ-2016-5195 ተብሎ ተመዘገበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወሮችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር በውይይት መካከል ነገሮች ይደባለቃሉ። አንዳንዱ ጉዳዩን እንደ ቫይረስ ቆጥሮ በጸረ ቫይረስ የሚጸዳ ይመስለዋል። ሌላው ደርቲ ካውን በ2022 ከተገለጸው «ደርቲ ፓይፕ» ጋር አንድ ያደርገዋል። የሁለቱ ውጤት ይመሳሰላል፤ የማይጻፍበት ፋይል ላይ ማስጻፍ ነው። አሠራራቸው ግን የተለያየ ነው፤ ደርቲ ካው ሁለት ሥራዎች ሲሽቀዳደሙ የሚፈጠር ስህተት ሲሆን ደርቲ ፓይፕ ግን ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አንድን ምልክት ሳያጸዳ እንደገና ከመጠቀሙ የመጣ ስህተት ስለሆነ ጊዜ መጠበቅ፣ መሽቀዳደም የሚባል ነገር የለበትም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሦስተኛው አስተያየት ነው፦ «ለመጠቀም እጅግ ትክክለኛ ጊዜ ማግኘትን ይጠይቃል፤ ስለዚህ አደጋው በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ብቻ ነው» የሚለው። ይህን የሚሉት የኮምፒውተር ጉዳይ የማያውቁ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ባላሳሰበ ነበር። ከርነሉን በእጃቸው የሚጽፉ ሰዎችም ብለውታል፤ ዋጋም አስከፍሏል።

ሁለት እጆች በአንድ መዝገብ ላይ

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ኔትወርኩን የሚያዝዘው እሱ ነው፤ ማን ምን ማንበብ፣ ማን የት መጻፍ እንደሚችል የሚወስነውም እሱ ነው። በስልክ ላይ የባንክ መተግበሪያውን መረጃ ከጨዋታው መተግበሪያ የሚለየው ግድግዳ በመጨረሻ የሚቆመው በከርነሉ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ያለ ስህተት ከላይ ያሉትን መከላከያዎች ሁሉ ያለፈ ስህተት ይሆናል።

«ሬስ ኮንዲሽን» የሚባለው የአንድ ሥራ ውጤት ማን ቀድሞ ደረሰ በሚለው ላይ ሲንጠለጠል ነው። በአማርኛ «የሽቅድምድም ሁኔታ» ልንለው እንችላለን። አንድ የዕድር መዝገብ እናስብ። በገጹ ግርጌ 48,500 ብር ተጽፏል። ሁለት ሰብሳቢዎች እያንዳንዳቸው 200 ብር ይዘው ይመጣሉ። አንደኛው 48,500 የሚለውን አንብቦ ወረቀቱ ላይ ይደምራል፤ እሱ ሲደምር ሁለተኛው ያንኑ 48,500 ያነባል። አንደኛው 48,700 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛውም 48,700 ብሎ ይጽፋል። መሆን የነበረበት 48,900 ነው። የሰረቀ የለም፤ ድምሩን የተሳሳተም የለም። እያንዳንዳቸው የሠሩት ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው በማንበብና በመጻፍ መካከል ሌላ እጅ በገባበት ቅጽበት ነው፤ ኦዲተር መዝገቡን ቢያገላብጥ የሚያገኘው የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሰብሳቢ ብዙ ነው። ዛሬ በእጅ የሚያዝ ስልክ እንኳ አራትና ስምንት ኮር (ለየብቻ የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) አለው፤ እያንዳንዱ ኮር በራሱ ጊዜ ወደ ከርነሉ ይገባል። ባለ አንድ ኮር ማሽንም ከዚህ አያመልጥም፤ ከርነሉ አንዱን ሥራ በመካከል አቁሞ ሌላውን ስለሚያስቀጥል ቅጽበቱ እዚያም አለ። ልዩነቱ የመገናኘት ዕድሉ ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ትልቅ ነገር ይሆናል።

ሲፈተሽ አንድ፣ ሲገባ ሌላ

ከሽቅድምድም ስህተቶች ውስጥ አጥቂዎች አብዝተው የሚፈልጉት ዓይነት በማጣራትና በመጠቀም መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ነው። በትልልቅ ሕንፃዎች መግቢያ ላይ ያለውን ፍተሻ የማያውቅ የለም። ቦርሳው ጠረጴዛው ላይ ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይዘጋል። ከጠረጴዛው እስከ አዳራሹ በር አሥር እርምጃ ቢኖርና በዚያ መካከል ቦርሳው በሌላ ቢቀየር ፈታሹ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ አዳራሹ የገባው ግን ያልተፈተሸ ቦርሳ ነው።

ከርነሉም እንዲሁ ይፈትሻል። አንድ ፕሮግራም «ይህን ያህል ባይት ቅዳልኝ» ብሎ ቁጥሩን በራሱ ሜሞሪ ላይ ጽፎ ያቀርባል። ከርነሉ ቁጥሩን ያነባል፣ ትንሽ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ሊቀዳ ሲል ቁጥሩን ከዚያው ከፕሮግራሙ ሜሞሪ ደግሞ ያነባል። በሁለቱ ንባቦች መካከል የፕሮግራሙ ሌላ ክፍል ቁጥሩን ከፍ ካደረገው ከርነሉ ያላጣራውን ይቀዳል። ይህ «ድርብ ንባብ» የሚባለው ስህተት በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ምን ያህል ተሰራጭቶ እንደነበር ያሳዩት ማቴውሽ ዩርቺክ እና ግንቫኤል ኮልድዊንድ ናቸው። ከርነሉ ከተጠቃሚ ሜሞሪ አንድን ቦታ ደጋግሞ ሲያነብ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርተው ስህተቶቹን በብዛት አወጡ፤ ማይክሮሶፍት በፌብሯሪ 2013 ባወጣው አንድ ጥገና ብቻ 30 ተጋላጭነቶችን ዘጋ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በጁን 2024 የተዘጋው ሲቪኢ-2024-30088 የተባለው የዊንዶውስ ከርነል ክፍተትም የዚሁ የማጣራትና የመጠቀም ቤተሰብ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ከኢራን ጋር የሚያያዝ ቡድን ይህንኑ ክፍተት በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ባሉ ተቋማት ላይ እንደተጠቀመበት ገልጿል።

ሌላው ዓይነት ከሜሞሪ አለቃቀቅ ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ ኮር አንድን የሜሞሪ ቦታ ገና እየተጠቀመበት ሳለ ሌላው «ሥራው አልቋል» ብሎ ይለቀዋል፤ አጥቂው ፈጥኖ ያንን ቦታ በራሱ ይዘት ይሞላዋል። የመጀመሪያው ኮር የራሱን መረጃ ያነበበ መስሎት የአጥቂውን ትዕዛዝ ያነባል።

የደርቲ ካው አሠራር በቅርበት

ኮምፒውተር አንድን ፋይል ለብዙ ፕሮግራሞች ሲያቀርብ ለእያንዳንዱ የተለየ ቅጂ አያዘጋጅም፤ ሜሞሪ ይባክናል። ሁሉም አንዱን ዋና የሜሞሪ ገጽ እንዲያነቡ ያደርጋል። ከመካከላቸው አንዱ ልጻፍበት ሲል ያን ጊዜ ገጹን አባዝቶ ግልባጩን ለእሱ ብቻ ይሰጠዋል። ይህ አሠራር «ኮፒ ኦን ራይት» ይባላል፤ ሲጻፍ የሚባዛ ማለት ነው። የሦስቱ የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደሎች ሲገጣጠሙ ላም የሚል ቃል ይሰጣሉ። «ደርቲ» ማለትም የቆሸሸ የሚለው ደግሞ በከርነል ቋንቋ ይዘቱ ተለውጦ ገና ወደ ዲስክ ያልተመለሰ ገጽ መጠሪያ ነው። ስሙ ከዚያ መጣ።

ጉዳዩን በአንድ መዝገብ ቤት እንየው። ባለጉዳይ ቅጽ ሞልቶ ያቀርባል፦ «ይህን ሰነድ ማንበብና መጻፍ እፈልጋለሁ።» ሰነዱ ዋና ቅጂ ነው፤ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቅጹ ላይ «መጻፍ» የሚለውን ሲያይ ሰነዱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ግልባጩን መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ነገር ያደርጋል። ግልባጭ ስለተሠራ ከእንግዲህ «መጻፍ» የሚለው ቃል አያሳስብም ብሎ ከቅጹ ላይ ይሰርዘዋል። ግልባጩን ሊያነሣ ከመመለሱ በፊት የባለጉዳዩ ተባባሪ ግልባጩን ከመደርደሪያው አንሥቶ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። መብቱ ነው፤ ግልባጩ የእነሱ ነው። ሠራተኛው ተመልሶ መደርደሪያውን ባዶ ያገኘዋል። ቅጹን እንደገና ያነባል። ቅጹ አሁን የሚለው «ማንበብ» ብቻ ነው። ለማንበብ ግልባጭ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ዋናውን አውጥቶ ይሰጣል። ባለጉዳዩ እስክሪብቶውን ያነሣል።

በእውነተኛው ማሽን ላይ ባለጉዳዩና ተባባሪው የአንድ ፕሮግራም ሁለት ትሬዶች ናቸው፤ ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። አንዱ ትሬድ በማይጻፍበት ፋይል ግልባጭ ላይ ጻፍልኝ እያለ ከርነሉን ያለማቋረጥ ይጠይቃል። ሌላው «ያንን ገጽ አልፈልገውም፣ ጣለው» እያለ ያለማቋረጥ ይጠይቃል። ሁለቱም ጥያቄዎች ፍጹም ሕጋዊ ናቸው፤ የሚከለክላቸው ደንብ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ፤ ምንም አይፈጠርም። አንድ ጊዜ ግን በትክክለኛው ቅጽበት ይገናኛሉ፤ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ያለበት ፋይል ወይም በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም ይለወጣል። ተራው ተጠቃሚ «ሩት» ይሆናል፤ ሩት በሊኑክስ ዓለም ምንም የማይከለከለው የበላይ አስተዳዳሪ ነው። በማሽኑ የሥራ መዝገብ ላይም ያልተለመደ ነገር ሆነ የሚል ምልክት አይቀርም።

በኦክቶበር 2016 የተደረገው ጥገና ርዝመቱ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። በመዝገብ ቤቱ ቋንቋ ስንናገር ሠራተኛው «መጻፍ» የሚለውን ቃል መሰረዙን ተወ። በምትኩ «ግልባጭ ተሠርቶ ነበር» የሚል ማኅተም ቅጹ ላይ ያደርጋል፤ ሊሰጥ ሲል የያዘው በእርግጥ ግልባጩ መሆኑን ያያል፤ ካልሆነ እንደገና ያባዛል።

«በንድፈ ሐሳብ ብቻ» የተባለው አሥራ አንድ ዓመት

ይህን ጥገና የጻፈው የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ ነው። ከጥገናው ጋር ባስቀመጠው ማስታወሻ ስህተቱ ጥንታዊ መሆኑን፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እሱው ራሱ አንድ ጊዜ ሊያስተካክለው ሞክሮ ጥሩ አድርጎ እንዳልሠራው፣ ያም ሙከራ ኤስ390 በተባለው የአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒውተር ላይ ችግር ስላመጣ እንደተነሣ ጽፏል። ድሮ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የነበረው ሽቅድምድም የከርነሉ የሜሞሪ አያያዝ ለብዙ ኮር እየተመቸ ሲሄድ በቀላሉ የሚገኝ ሆነ ብሏል።

ይህ ማስታወሻ በቅንነቱ የሚከበር ነው። ከዚህም በላይ የክፍተቶቹን ዕድሜ የሚያስረዳ ቁልፍ በውስጡ አለ። በ2005 ስህተቱ ታይቷል፤ የተዘነጋው ባለማወቅ አልነበረም። የተመዘነው ግን በ2005 ማሽን ነው። ያን ጊዜ ተራ ኮምፒውተር አንድ ኮር ነበረው፤ ሁለቱ ጥያቄዎች በዚያች ጠባብ ቅጽበት የመገናኘታቸው ዕድል ከቁጥር አይገባም ነበር። ከዚያ በኋላ የስህተቱ ኮድ ሳይለወጥ በዙሪያው ያለው ሁሉ ተለወጠ፤ ኮሮች በዙ፣ ከርነሉ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን እንዲሠራ ተሻሻለ። ክፍተቱን ያሰፋው ማንም ያላሰበው መሻሻል ነው።

ከከርነል ውጪ ይህንኑ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ኦገስት 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መብራት ሲጠፋበት ከምክንያቶቹ አንዱ በኦሃዮ የአንድ ኤሌክትሪክ ኩባንያ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ድምፁን ማጥፋቱ ነበር። ሥርዓቱን ያስቆመው የሽቅድምድም ስህተት ነው። ሶፍትዌሩን የሠራው ክፍል ኃላፊ ኋላ እንደገለጹት ፕሮግራሙ በየቦታው ተደምሮ ከሦስት ሚሊዮን ሰዓት በላይ ሲሠራ ስህተቱ አንድም ጊዜ አልታየም ነበር። ሦስት ሚሊዮን ሰዓት ያለ እንከን የሠራ ፕሮግራም ተፈትሿል ማለት ለማንም ተገቢ ይመስላል። ለዚህ ዓይነቱ ስህተት ግን በቂ አልነበረም።

ስህተቱን መፈለግም ራሱ ያባርረዋል። ፕሮግራመሩ ምን እየሆነ እንደሆነ ለማየት መከታተያ መስመር ሲጨምር የሥራው ፍጥነት ይቀየራል፤ ቅጽበቱ ይንሸራተታል፤ ስህተቱ ይሰወራል። ሊኑክስን ብዙ ዓይን ስለሚያየው ስህተት አይደበቅበትም የሚለው የቆየ አባባል እዚህ ላይ የሚደክመው ለዚህ ነው። ዓይን መስመሮቹን ያነባል፤ ሁለት ትክክለኛ መስመሮች በተለያዩ ኮሮች ላይ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄዱ ግን በገጹ ላይ አልተጻፈም።

ለአጥቂው አንድ ድል ይበቃዋል

ተከላካዩ ስለ አማካይ ያስባል፤ አጥቂው ስለ ሙከራ ብዛት። አንድ ነገር ከመቶ ሺህ ጊዜ አንዴ ብቻ የሚሳካ ከሆነ በሰው እጅ ሲሞከር የማይሆን ነገር ነው። በሴኮንድ አሥር ሺህ ጊዜ ለሚሞክር ፕሮግራም ግን የአሥር ሴኮንድ ሥራ ነው። ያልተሳካው ሙከራ ምንም ካላበላሸ አጥቂው የሚከፍለው ዋጋ የለም።

በጁላይ 2024 ኳሊስ የተባለው ኩባንያ በኦፕን ኤስኤስኤች ላይ የገለጸው ክፍተት ይህን በቁጥር ያሳያል። ኦፕን ኤስኤስኤች ከርነል አይደለም፤ ሰርቨሮችን ከርቀት ለማስተዳደር የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። ተመራማሪዎቹ በሞከሩት ባለ 32 ቢት ሊኑክስ ላይ ሽቅድምድሙን ለማሸነፍ በአማካይ ወደ 10,000 ሙከራ ያስፈልግ ነበር፤ ሙሉ ሥልጣን ለማግኘት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጅ ነበር። አንድ ሌሊት ማለት ነው። ያም ስህተት በ2006 ተዘግቶ የነበረ፣ ኋላ ኮዱ ሲሻሻል ሳይታሰብ የተመለሰ ነበር።

አጥቂዎች ቅጽበቱን ዝም ብለው አይጠብቁም፤ ያስረዝሙታልም። ሊኑክስ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ገና ያልተሞላ የሜሞሪ ገጹ ሲነካ ገጹን ራሱ እንዲሞላ የሚፈቅድ «ዩዘርፎልትኤፍዲ» የሚባል አገልግሎት አለ። ለጥሩ ሥራ የተሠራ ነው። አጥቂው ግን ከርነሉ በማጣራትና በመጠቀም መካከል እያለ እጁን ባልተሞላ ገጽ ላይ እንዲያሳርፍ አድርጎ የፈለገውን ያህል ያቆመዋል። አሥሩ እርምጃ አሥር ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ለዚህም ነው ከሊኑክስ 5.11 ጀምሮ ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ ከርነሉን በዚህ መንገድ እንዳያቆም በመደበኛው አቀማመጥ የተከለከለው።

የቁልፍ ዋጋ

ታዲያ ለምን ሁሉንም ነገር በቁልፍ አይዘጉትም? በዕድሩ ምሳሌ መዝገቡን አንድ ሰው ሲይዝ ሌላው ውጪ ይጠብቅ ቢባል ችግሩ ያልቃል። «ሎክ» የሚባለው የከርነል መሣሪያ ይኸው ነው። ሊኑክስ በ1996 ብዙ ፕሮሰሰር ያላቸውን ማሽኖች መደገፍ ሲጀምር ያደረገውም ይህንኑ ነበር፤ ለከርነሉ በሙሉ አንድ ትልቅ ቁልፍ አበጀ። አንዱ ፕሮሰሰር ሲገባ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። ደህንነቱ ጥሩ ነበር፤ ግን አራት ፕሮሰሰር የገዛ ሰው ሦስቱን በር ላይ አሰልፎ ማቆም ሆነበት። ያ አንድ ቁልፍ በጥቃቅን ቁልፎች ተተክቶ ሙሉ በሙሉ የተወገደው በ2011 ነው። አሥራ አምስት ዓመት የፈጀ ሥራ ነው፤ በየደረጃው «ይህን ቦታ የሚጠብቀው የትኛው ቁልፍ ነው?» የሚለው ጥያቄ በሺዎች ለሚቆጠሩ ቦታዎች ለየብቻ መመለስ ነበረበት። አንዱ ቦታ ላይ ቁልፉ ከተረሳ ሽቅድምድም ይፈጠራል። ሁለት ቁልፎች በተለያየ ቅደም ተከተል ከተያዙ ደግሞ ሁለት ሥራዎች እርስ በርስ ሲጠባበቁ ማሽኑ ይደርቃል።

ፍጥነት ከዚህም አልፎ ጭራሽ ያለ ቁልፍ የሚነበብበትን መንገድ አስፈለገ። «አርሲዩ» የተባለው ስልት አንባቢን አያስጠብቅም፤ ጸሐፊው አዲስ ቅጂ አዘጋጅቶ ይለጥፋል፣ አሮጌውን የሚያነቡት ሁሉ እስኪጨርሱ ጠብቆ ይጥለዋል። እጅግ ፈጣን ነው። ደንቡን በአንድ ቦታ መሳት ግን ምን እንደሚያመጣ በ2023 «ስታክሮት» የተባለው ክፍተት አሳየ። ከሊኑክስ 6.1 እስከ 6.4 ባሉት ስሪቶች የሜሞሪ ካርታውን የሚይዘው አዲስና ፈጣን አወቃቀር ተገቢው የመጻፊያ ቁልፍ ሳይያዝ ይለወጥ ስለነበር አሮጌው ክፍል እየተነበበ ሳለ ሊጣል ቻለ። ቶርቫልድስ የመራው ጥገና ወደ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

በእኔ እይታ የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። የፍጥነት ጥቅም ወዲያውኑ ይለካል፤ ገበታ ላይ ይወጣል፤ ደንበኛ ይጠይቀዋል። የጠፋ ቁልፍ ጉዳት ግን ዘጠኝ ዓመት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ የማይታየው ቢቀልል የሚደንቅ አይደለም።

ባለሙያዎቹ የማይስማሙበት

ስለ መፍትሔው የሚደረገው ክርክር እውነተኛ ክርክር ነው። የመጀመሪያው ስለ ክብደት አሰጣጥ ነው። ተጋላጭነቶች ነጥብ የሚሰጣቸው ሲቪኤስኤስ በተባለ መለኪያ ሲሆን ከመመዘኛዎቹ አንዱ የጥቃቱ ውስብስብነት ነው። የሽቅድምድም ክፍተት ብዙውን ጊዜ «ውስብስብ» ስለሚባል ነጥቡ ይቀንሳል። ይህን የሚደግፉ፣ የጥገና ቡድኖች ሁሉንም በአንድ ቀን መዝጋት ስለማይችሉ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ውስብስብነቱ የሚለካው ክፍተቱ በተገለጸበት ቀን መሆኑን ያነሣሉ። አንድ ሰው ውስብስቡን ነገር ፕሮግራም አድርጎ ካሰራጨው በኋላ ለቀጣዩ አጥቂ አንድ ትዕዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። ደርቲ ካውን ያስተዋለ ሰው ለሁለተኛው ወገን ያደላል።

ሁለተኛው ስለ አመዘጋገብ ነው። የሊኑክስ ከርነል ቡድን ከፌብሯሪ 2024 ጀምሮ ለራሱ ተጋላጭነቶች ራሱ የሲቪኢ ቁጥር መስጠት ጀምሯል፤ በከርነል ደረጃ ማንኛውም ሳንካ፣ ማለትም የኮድ ስህተት፣ የደህንነት ጉዳይ ሊሆን ይችላል ብሎ ስለሚያምን ቁጥር የሚሰጠው በልግስና ነው። የሰርቨር አስተዳዳሪዎች በቁጥር ብዛት ተጥለቀለቅን፣ አስፈላጊውን ከማያስፈልገው መለየት አቃተን ይላሉ። ቡድኑ በበኩሉ እየመረጡ መውሰድ ራሱ አደገኛ ነው፣ የተረጋጋውን ስሪት በሙሉ ውሰዱ ይላል። ከ2005 ታሪክ አንጻር ሲታይ የቡድኑ አቋም ክብደት አለው፤ የትኛው ሳንካ ነገ መሣሪያ እንደሚሆን ዛሬ መገመት አስቸጋሪ መሆኑን በራሱ አይቶታልና።

ሦስተኛው «ረስት» የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ከሊኑክስ 6.1 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ረስት ሁለት ትሬዶች ያለ ጥበቃ አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ እንዲነካኩ የሚያደርግ ኮድን ገና ሲተረጎም ይከለክላል፤ ፕሮግራመሩ ጥበቃውን በራሱ ኃላፊነት ያነሣባቸው ክፍሎች ካልሆኑ በቀር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሁሉንም ሽቅድምድም ያጠፋል የሚለው ትክክል አይደለም። የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ እናስታውስ፤ እሱ የሳተው አሠራሩን ነው። እያንዳንዱን እርምጃ በቁልፍ ጠብቆ፣ በእርምጃዎቹ መካከል ግን ዓለም አልተለወጠም ብሎ የሚያስብ ኮድ በማንኛውም ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል። በሲ ቋንቋ የተጻፈው በሚሊዮኖች የሚቆጠር የከርነል መስመርም በአንድ ትውልድ የሚተካ አይደለም።

ብዙ ያልተወራላቸው፣ ግን ፍሬያቸው የሚታይ መሣሪያዎች አሉ። ሲዝኮለር የተባለው የጉግል መሣሪያ ከርነሉን ሌት ተቀን በዘፈቀደ ጥያቄዎች ይደበድበዋል። በ2020 ከሊኑክስ 5.8 ጋር የገባው ኬሲሳን ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተሠራ ነው፤ አንድ የሜሞሪ ቦታ ሊነካ ሲል ሆን ብሎ ጥቂት ያዘገየዋል፣ በዚያ መካከል ሌላ ኮር ቦታውን ከነካ ይመዘግባል። አጥቂዎች ቅጽበቱን ለማርዘም የሚጠቀሙበትን ዘዴ ለተከላካይ ያዋለ መሆኑ ያስደስታል። ያም ሆኖ የጥገና ሥራ ራሱ ፍተሻ ይፈልጋል። የደርቲ ካው ጥገና ትልልቅ የሜሞሪ ገጾችን ወደሚያስተናግደው ክፍል ሲወሰድ አንድ ነገር ተዛንፎ ነበር፤ በኖቬምበር 2017 ቢንዴሲ የተባለ የደህንነት ቡድን ያንን ቀሪ ክፍተት አሳየ። ጉዳቱ ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር።

«ማሽኑ ውስጥ መጀመሪያ መግባት አለበት» የሚለው መጽናኛ

አብዛኞቹ የከርነል ሽቅድምድሞች አጥቂው አስቀድሞ በማሽኑ ላይ ኮድ ማስኬድ እንዲችል ይጠይቃሉ። ይህ እውነት ነው፤ መጽናኛነቱ ግን ትንሽ ነው። የኦስተር ሰርቨር የተወሰደው በሁለት እርምጃ ነበር፤ መጀመሪያ በድረ ገጹ በኩል ትንሽ መግቢያ፣ ከዚያ ከርነሉ። በክላውድ አገልግሎት ብዙ ደንበኞች «ኮንቴነር» በሚባል ክፍልፋይ ውስጥ አንድን ከርነል ሲጋሩ የአንዱ ደንበኛ ኮድ ከጅምሩ ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ደርቲ ካውን ተጠቅሞ ከኮንቴነር መውጣት እንደሚቻልም በወቅቱ በተግባር ታይቷል።

ስልክ ደግሞ ሰዎች በየቀኑ የማያውቁትን ኮድ በፈቃዳቸው የሚጭኑበት ማሽን ነው። አንድሮይድ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ጉግል ለደርቲ ካው ጥገናውን በ2016 መጨረሻ ለአምራቾች አውጥቶ ነበር። በሴፕቴምበር 2017፣ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ትሬንድ ማይክሮ «ዜድኒዩ» ብሎ የሰየመውን ጎጂ ሶፍትዌር ገለጸ። ከ1,200 በሚበልጡ መተግበሪያዎች ውስጥ ተሸሽጎ፣ ከ40 በሚበልጡ አገሮች ታይቶ፣ ያን ጊዜ ከ5,000 በላይ ተጠቃሚዎችን ነክቶ ነበር፤ አብዛኞቹ በቻይናና በህንድ ነበሩ። በደርቲ ካው የስልኩን ሙሉ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የቻይና ስልክ ደንበኞችን በአጭር የጽሑፍ መልእክት የክፍያ አገልግሎት በኩል ገንዘባቸውን ይወስድ ነበር።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን የሚነካት እዚህ ላይ ነው። በብዙ ሰው እጅ ያለው የኢንተርኔት መሣሪያ የአንድሮይድ ስልክ ነው፤ ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ የቤተሰብ መልእክቱም በእሱ ላይ ነው። ከገልፍ አገሮች ለዘመድ የሚላከው፣ ከሱቅ ያገለገለ ተብሎ የሚገዛው፣ በርካሽ ዋጋ የሚገኘው ስልክ ብዙ ጊዜ የአምራቹ የዝማኔ ዘመን ያለፈበት ወይም ሊያልፍ የተቃረበ ነው። መተግበሪያዎችን ከፕሌይ ስቶር ማደስ ጠቃሚ ቢሆንም ከርነሉን አይነካውም፤ የከርነሉ ጥገና የሚመጣው ከስልኩ አምራች በሚላከው የሥርዓት ዝማኔ ብቻ ነው። በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ ስለ ስልኩ መረጃ በሚሰጠው ገጽ ላይ «የደህንነት ዝማኔ» ከሚለው ቃል አጠገብ አንድ ቀን ተጽፎ ይገኛል። ያ ቀን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በላይ ወደ ኋላ የቀረ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በአንድሮይድ ከርነል ላይ የተዘጉት ክፍተቶች በዚያ ስልክ ላይ እንደተከፈቱ ናቸው፤ የገንዘብ መተግበሪያ ያለበት ከሆነ ደግሞ ከፕሌይ ስቶር ውጪ በቴሌግራም ወይም በሜሞሪ ካርድ የመጣ መተግበሪያ አይጫንበት።